የመምህር ባዱ ለቅሶና ጉባኤ

መምህር ያው ባዱ የሱሪውን እግር በግራ እጁ እየተኮሰ ሳለ የገዛ ራሱን ለቅሶ ከግቢው በር ላይ ሰማ። መጀመሪያ የጎረቤት መስሎት ካውያውን አላቆመም፤ በጋናዋ ኩማሲ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ መስማት ዶሮ ሲጮህ ከመስማት አይለይም። ቀጥሎ ግን የታላቅ እህቱ የማሜ ፎሪዋ ድምፅ «ያው ወንድሜ! ያው የእናቴ ልጅ! ምነው ሳትሰናበተኝ!» እያለ እየቀረበ መጣ። ባዱ ካውያውን አቆመና አሰበ። እህቱ ያው የሚባል ሌላ ወንድም የላትም።

ሚስቱ አጆዋ በሩን ስትከፍት አሥራ አራት ሰው ጥቁርና ቀይ ለብሶ ቆሟል። ከፊት ማሜ ፎሪዋ ቀይ ሻሽ አስራ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭናለች። ከኋላዋ ታላቅ ወንድማቸው፣ የዘሩ አለቃ ኦፓኒን ጁሞ፣ ጥቁር ጨርቃቸውን በአንድ ትከሻቸው አጣፍተው በከዘራቸው ተደግፈዋል። ከጎናቸው ደግሞ ታኪ የሚባለው ቃል አቀባያቸው አንድ ጠርሙስ አረቄ ታቅፏል። ማሜ ፎሪዋ አጆዋን ገፋ አድርጋ ሳሎን ገባችና ወንድሟን በካናቴራና በቁምጣ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ቆሞ አየችው። የጀመረችውን ጩኸት መልሳ ዋጠችው። «ኧረ ቆሟል» አለች በሹክሹክታ። «ሱሪ እየተኮሰ ነው!» ከኋላዋ የመጡ ሁለት ሴቶች እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ ግቢው ተመለሱ። ኦፓኒን ጁሞ ግን በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው ለምንም ነገር ተቻኩለው አያውቁም። ባዱን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «ውሃ» አሉ።

እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ የመጣበትን አይናገርም፤ የመጣበትን ሳይጠየቅ ደግሞ ማንም ስለ ምንም አያነሳም። ሞተ የተባለው ሰው ፊት ለፊት ቢቆምም ሥርዓት ሥርዓት ነው። አጆዋ ከጎረቤት የፕላስቲክ ወንበር ለመነች፣ ወንበሩ ያልደረሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተደረደሩ፣ ውሃው ከቀኝ ወደ ግራ ዞረ፤ አሥራ አራት ሰው ተራ በተራ ጠጣ። ባዱ ሱሪውን እየለበሰ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ልክ በአራት ሰዓት፣ ከከተማው ወዲያኛ ዳር ባለው ትልቅ ሆቴል፣ በልብና በስትሮክ ጉባኤ ላይ፣ ሰባት መቶ ሐኪም ፊት ቆሞ መናገር አለበት። ከተናጋሪዎቹ ሁሉ ሐኪም ያልሆነ እሱ ብቻ ነው። የተጠራው ስትሮክ መትቶት ስለተረፈ ነው።

ለዚህ ቀን ሦስት ወር ተዘጋጅቷል። አዘጋጆቹ «በጉባኤው ምን ይጠብቅዎታል» የሚል ወረቀት ልከውለት፣ የአርባ ዓመት አስተማሪ ነውና በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ አጥንቶታል። አዳራሹ ይበርዳል፣ ሹራብ ይያዙ ይላል። ምቹ ጫማ ያድርጉ፣ ብዙ ይኬዳል። ሻይ ሁለት ጊዜ ነው። ለመናገር አሥር ደቂቃ ይሰጥዎታል። የገዛ ለቀስተኛዎ ቤትዎ ድረስ እንደሚመጣ ግን የትም ቦታ አልተጻፈም።

ውሃው ሲያልቅ ታኪ ብድግ አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጣንበት ክፉ ነው፣ ግን በሰላም ነው። ሐሙስ ዕለት የኦፓኒን የልጅ ልጅ በታፎ መገንጠያ ስታልፍ የበር መዝጊያ የሚያህል ባነር ተሰቅሎ ታያለች። ባነሩ ላይ ያው ባዱ ሙሉ ልብስ ለብሶ ይስቃል። ስሙ አለ፣ ዕድሜው ስልሳ አንድ ተብሎ አለ፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ቦታውም አለ። እኛም የምናውቀውን እናውቃለን።»

አገር ሁሉ የሚያውቀው ነው። በታፎ መገንጠያ ፎቶው የበር መዝጊያ አክሎ የሚሰቀል፣ ዕድሜው ተጽፎ ቅዳሜ የሚቀጠር ሰው ሞቷል ማለት ነው። በሕይወት ያለ ሰው በዚያ መጠን እንዲሰቀል የሚፈልግ የፓርላማ ዕጩ ብቻ ነው፣ ምርጫው ደግሞ ካለፈ ቆይቷል።

«ይሄ እኮ የ…» አለ ባዱ።

«የአንተ ፎቶ ነው፣ አዎ» ብሎ ጨረሰለት ታኪ።

«አይደለም፣ የጉ…»

«የጉድ አገር ነው ወንድሜ!» አለች ማሜ ፎሪዋ እንባዋን እየጠረገች።

ስትሮኩ ከባዱ ቀኝ እጁን ሲወስድ አንደበቱን በግማሽ መልሶለት ነበር። ሐሳቡ እንደ ድሮው ይሮጣል፤ ቃሉ ግን መንገድ ላይ ይቆማል፣ እንደ አሮጌ መኪና ተገፍቶ ይነሳል። ያ ክፍተት ታዲያ ለዘመድ አዝማድ ሠርግና ምላሽ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ጠብቆት አያውቅም፤ ሁሉም ይጨርሱለታል፣ ሁሉም ይሳሳታሉ። ሻይ ሊል ሲል ሻማ ያመጡለታል። ሰው ሲረዳ ደግሞ ደስ ይለዋልና፣ ባዱ የመጣለትን ሻማ አመስግኖ መቀበል ለምዷል።

ታኪ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ለካ ዋናው በደል ሞቱ አይደለም። ዋናው በደል ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው የእናቱ ዘር ሆኖ ሳለ፣ የእንጨት ላይ ባነር ከዘሩ አለቃ ቀድሞ ማወቁ ነው። «ሚስት ሬሳ አታውጅም» አለ ታኪ አጆዋን እያየ። «ደግሞ ከባነሩ ግርጌ የዋና ሐዘንተኞች ስም ተጽፏል። ሦስት ናቸው። ሦስቱም ፕሮፌሰር ይባላሉ። አንዳቸውንም አናውቃቸውም። የኦፓኒን ጁሞ ስም የለም።»

ይህን ሲል ኦፓኒን ጁሞ ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የተጎዱት እዚህ ላይ እንደሆነ ታወቀ።

አጆዋ ትዕግሥቷ አለቀ። ወገቧን ይዛ ተነሳችና ባነሩ የጉባኤ መሆኑን፣ ፕሮፌሰሮቹ ሐኪሞች መሆናቸውን፣ ባሏ እንኳን ሊሞት የጠዋት አጥሚቱን ኮኮ ጠጥቶ ሁለተኛ የጠየቀ መሆኑን አንድ በአንድ ተናገረች። ማሜ ፎሪዋ የባዱን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ ሙቀቱን አየች።

«ስለዚህ አልሞተም» አሉ ኦፓኒን ጁሞ።

«አልሞተም ኦፓኒን።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ኧረ በሕይወት ነው ያለው! ከመጀመሪያውም አልሞተም!»

ኦፓኒን ጁሞ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ አንኳኩ። «መልካም። የሞተ ተጎዳ፣ እሱ ተርፏል። እኛ ግን ልብሱን ለብሰናል፣ መኪናውም ውጭ ቆሟል። የዘራችን ሰው ስም አደባባይ ተሰቅሎ ዘሩ ቤት አይቀመጥም። እንሄዳለን።»

ባዱ ይህን ሲሰማ ልቡ ድንግጥ አለች። ዐይኑ የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ፖስታ ሄደ። ፖስታው ውስጥ ንግግሩ አለ፤ አምስት ገጽ። ስለ አራተኛው ገጽ ነው የደነገጠው።

ዘመዶቹ ከሚኖሩበት ከማምፖንግ ለቀስተኛ ጭኖ የመጣው ትሮትሮ ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራ ሚኒባስ ነው፤ አሥራ ስድስት ሆነው ገቡበት። ለሬሳ ቤተሰብ የሚተወው የፊት ወንበር ለባዱ ተሰጠው። ረዳቱ ባዱን «የማን ሐዘን ነው አባት?» ብሎ ሲጠይቀው «የኔ» አለ ባዱ፣ ይህቺ አጭር ስለሆነች አልቆመችበትም። መንገዱ ተዘጋግቷል፤ የስልክ ካርድ ሻጮችና የፕላንቴን ሙዝ ጥብስ ሻጮች በመስኮት እጃቸውን ይሰዳሉ፣ አንዱ ፓኬት ጥብስ ዋጋው አምስት የጋና ሲዲ ገብቷል ተብሎ ከኋላ ክርክር ተነሳ። ኦፓኒን ጁሞ ከኋላው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው አንገቱ ላይ ይሰማዋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ባዱ ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዘ ሲወድቅ፣ የደረሱለት እኚሁ ወንድሙ ነበሩ። አፉ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ሲያዩት «ይሄ የሰው እጅ አለበት» አሉና ከማምፖንግ በላይ ወዳለ የጸሎት ሰፈር ወሰዱት። ስድስት ቀን ዘይት ሲቀባና ሲጮኽበት ሰሌን ላይ ተኛ። በሰባተኛው ቀን አጆዋ ገላውን ላጥበው ብላ ታክሲ ውስጥ አስገብታ ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሟ ዶክተር አፍሪዬ በወደቀበት ቀን መጥቶ ቢሆን እጁ ይተርፍ እንደነበር ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ በወንድማማቾቹ መካከል ስለ ስድስቱ ቀን አንድ ቃል አልተነገረም። ኦፓኒን ጁሞ በየመኸሩ ያም ከሚባለው ሥራ ሥር ምርጥ ምርጡን በጆንያ ይልካሉ፣ ባዱ አመስግኑልኝ ይላል፣ ያሙ ይበላል። ይኸው ነው ንግግራቸው።

አራተኛው ገጽ ላይ ግን ሁሉም ተጽፏል። ዶክተር አፍሪዬ አንብባ «መምህር፣ የቀረው ቢቀር ይሄ ገጽ እንዳይቀር። ሰው የሚድነው በዚህ ነው» ብላዋለች። ባዱ ሲጽፈው ወንድሙ ማምፖንግ፣ እሱ ኩማሲ ነበሩ። ወንድሙ አንገቱ ሥር እየተነፈሱ ይነበባል ብሎ አላሰበም።

አጆዋ ከጎኑ ተጠግታ «አራተኛውን ገጽ ታነበዋለህ» አለችው በጆሮው።

«እኔ እ…»

«እንደምታነበውማ አውቃለሁ፣ ጎበዝ» ብላ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው። ሊል የነበረው እፈራለሁ ነበር።

ሆቴሉ በር ላይ የመዝጋቢዋ ልጅ ቀና ስትል ጥቁርና ቀይ የለበሰ ሰው ጠረጴዛዋን ሞልቶታል። ለሐኪም ሰማያዊ፣ ለነርስ አረንጓዴ፣ ለተማሪ ቢጫ የአንገት ባጅ አላት፤ ለለቀስተኛ የላትም። ተጨንቃ ተጠባ የባህል ቡድን ናቸው ብላ ደመደመችና ነጭ ባጅ አንገታቸው ላይ አጠለቀች፣ ለያንዳንዳቸውም እስክሪብቶ ያለበት የጨርቅ ቦርሳ ሰጠቻቸው። ማሜ ፎሪዋ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይታ አታውቅም። መተላለፊያው መሃል ሰው የሚገባበት፣ በአየር የተነፋ ትልቅ ቀይ ልብ ቆሟል፤ አንዱ ወጣት ሐኪም ግቡና እዩት ሲላት «ሰው ልብ ውስጥ በጫማ አይገባም» ብላ ዞራ ሄደች። ሻይ ክፍል ውስጥ የቀረበው እንቁላል ጨው የለውም፣ ዶሮው ጨው የለውም፣ ሾርባው እንኳ ጨው የለውም። «ድሆች ናቸው እንዴ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ከዚያ ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ኮቢ፣ በጨው የደረቀ አሣ፣ አውጥታ ለወገኖቿ በጠረጴዛው ሥር ቆርሳ አደለች። ከፊታቸው ግድግዳ ላይ «ጨው ይቀንሱ» የሚል የሰው ቁመት የሚያህል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ከአዳራሹ በር አጠገብ ደም ግፊት የሚለኩ ነርሶች ተቀምጠዋል። አንዷ ኦፓኒን ጁሞን «አባት፣ ይምጡ ልለካዎት፣ በነፃ ነው» አለቻቸው።

«ለቅሶ ነው የመጣሁት» አሉ በኩራት። «ለቅሶ የመጣ ሰው ክንዱን አይሰጥም።»

አዳራሹ ወረቀቱ እንዳለው ይበርዳል። ዘመዶቹ ሲገቡ መድረኩ ላይ የባዱን ፎቶ፣ ያንኑ የሚስቀውን፣ ከፊት ረድፍ ደግሞ የተከበሩ ሰዎች ተደርድረው አዩ፤ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ኦፓኒን ጁሞ ከቀኝ ጫፍ ጀመሩና የፕሮፌሰሮቹን እጅ እየጨበጡ ወደ ግራ ሄዱ፣ አሥራ ሦስቱ ተከተሏቸው። ፕሮፌሰሮቹም ያገሩ ልጆች ናቸውና ብድግ እያሉ ጨበጡ፤ አንደኛው፣ ከአክራ የመጣ ራሰ በራ፣ ፊቱን በሐዘን አክብዶ «የማን ናችሁ?» አለ። «የዚያ ነን» አለ ታኪ መድረኩን እያሳየ። ፕሮፌሰሩ መድረኩ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ የሚጠጣውን ባዱን አየና ግራ ገባው። ፕሮግራሙ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገየ።

ዶክተር አፍሪዬ ባዱን አስተዋወቀችና ወደ ሕዝቡ ጣቷን አነሳች። «አንድ ነገር አደራ። ቃል ሲይዘው አትጨርሱለት። ጠብቁት፣ ይመጣል።» ሰባት መቶ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

የመጀመሪያው ገጽ ጥሩ ሄደ። በግራ እጅ ሱሪ መተኮስን ሲያወራ ሳቁ። ሁለተኛው ላይ ቃል ሦስት ጊዜ ያዘው፣ ሦስቴም ጠበቁት፣ ሦስቴም መጣ። ባዱ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞት አያውቅም፤ ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቀው ሊያለቅስ ቃጣው። ሦስተኛውን ገጽ ጨርሶ ሲገልጥ አራተኛው ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። በአንድ እጅ ገጽ የሚገልጥ ሰው ነው፤ ሁለቱንም አብሮ ቢገለብጥ ማን ይወቅሰዋል? አጆዋ እንኳ አታውቅበትም። ቀና ሲል ኦፓኒን ጁሞ ከኋላ ረድፍ፣ ነጭ ባጃቸውን አንጠልጥለው፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ያዩታል። ከልጅነቱ ጀምሮ በትከሻቸው ያሻገሩት፣ የትምህርት ቤት ጫማ የገዙለት ሰው ናቸው። ከዚያ ደግሞ ያ ሰሌን ትዝ አለው። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ እዚያ ሰሌን ላይ አፉ የተጣመመ ሌላ ሰው ተኝቶ ይሆናል፤ ሦስተኛ ቀኑ ወይ አራተኛው ይሆናል። ባዱ በአውራ ጣቱ ገጾቹን ለያያቸው።

«በወደቅሁ ቀን ወደ ሆስፒታል አልሄድኩም» ብሎ አነበበ። «ወደ ጸሎት ሰፈር… ተወሰድኩ። ስድስት ቀን… ተኛሁ። የወሰደኝ… የወሰደኝ…»

ቃሉ ወረቀቱ ላይ አለ። ወንድሜ ይላል፣ በገዛ እጅ ጽሑፉ። አፉ ውስጥ ግን አልገባም። ስትሮኩ ይሁን ፍርሃቱ አላወቀም። «የወሰደኝ…» አለ እንደገና። ሐኪሞቹ ጠበቁ፣ አንድም ሰው አልሳለም፣ የቀዝቃዛ አየሩ ማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዶክተር አፍሪዬ ጣቷን እንዳነሳች ቀረች።

ከኋላ ረድፍ ወንበር ተንቀሳቀሰ።

«እኔ ነኝ» አሉ ኦፓኒን ጁሞ ቆመው።

ሰባት መቶ ራስ ዞረ።

«ቃሉ ስላልወጣለት ነው፤ ልጨርስለት ብዬ ነው» አሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ሳይሆን መንገድ እንደሚያሳይ ሰው። «ጁሞ እባላለሁ። የእናቱ ልጅ ነኝ። የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዲያ ሲወድቅ ወዴት እንደሚወሰድ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር።» ከዘራቸውን ወደ ፊት ረድፍ ቀሰሩ። «ወዴት ነው የሚወሰደው? እናንተ ታውቃላችሁ፣ ንገሩኝ።»

«ወደ ሆስፒታል ነው ኦፓኒን» አለች ዶክተር አፍሪዬ። «ወዲያው። ከመብላት ከመጠጣት፣ ከመጸለይም በፊት። በመንገድ ላይ መጸለይ ይቻላል።»

«ወዲያው» አሉ ኦፓኒን ጁሞ። ወደ ባዱ ዞሩ። «በል ቀጥል፣ አላቋርጥህም።»

ባዱ አምስተኛውን ገጽ እንዴት እንዳነበበው አያስታውስም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጨረሱለት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ልክ የሆነው ይሄ አንዱ ነበር። ሲወርድ ጭብጨባው ውስጥ ማሜ ፎሪዋ የለቅሶውን እንጉርጉሮ ጀምራ ነበር፤ ሌላ የምታውቀው ስለሌለ ነው።

በሻይ ሰዓት ወንድሙን ሲፈልግ በሩ አጠገብ አገኛቸው። ነርሷ ፊት ተቀምጠው፣ ጥቁሩን ጨርቅ ከትከሻቸው አውርደው፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመዋል። አሥራ ሦስቱ ለቀስተኞች ከበዋቸዋል።

«አባት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነው?» አለች ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ።

ኦፓኒን ጁሞ አፋቸውን ከፈቱ። «ያኔ… እ…» አሉና ቆሙ። በዘሩ ስብሰባ ሁሉ ቃል ጠፍቷቸው የማያውቁት ሰው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ቀጥለው ወንድማቸውን አዩ። ታኪ ሊያግዛቸው አፉን ሲከፍት ባዱ ግራ እጁን አነሳበት።

«ተለክተው… አያውቁም» አለ ባዱ። «እኔ ልጨርስላቸው… ብዬ ነው።»

ማሽኑ ጠበቀ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥር አወጣ። ነርሷ ቁጥሩን አየችና ሳትናገር እንደገና ለካች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በለጠ። አንገቷን አዙራ ዶክተር አፍሪዬን በዐይኗ ፈለገች። ማሜ ፎሪዋ የኮቢዋን ጥቅል ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ ግርጌ ገፋችው።

«ብዙ ነው?» አሉ ኦፓኒን ጁሞ፣ ነርሷን ሳይሆን ወንድማቸውን።

የባዱን መልስ ማንም አልጨረሰለትም። ባዱ ቃሉን ፈለገው፣ ቃሉም ሳይቆም ሳይገፋ መጣለት።

«ባነር ያሰቅላል» አለ።

ኦፓኒን ጁሞ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው በከዘራቸው ተነሱ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የቸኮሉ መሰሉ። «ታኪ» አሉ፣ «መኪናውን አስነሳ። ሆስፒታል ነው የምንሄደው።»

ባዱን በጤነኛው እጁ ያዙት። «ወዲያው» አሉ።